የመዋኛ ገንዳን የዘወትር ወጪ ስለ መቀነስ



ማናቸውም ነጋዴ እንደሚያውቀው ንብረት ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው የሚገዛበት ዋጋ ሲሆን ሁለተኛው የሚያዝበት ዋጋ ነው። የጭነት መኪና የገዛ ሰው የመኪናውን ዋጋ አንድ ጊዜ ከፍሎ ይገላገላል፤ ጎማው፥ ነዳጁና ዘይቱ ግን መኪናው እስካለ ድረስ ሲጠይቁት ይኖራሉ። የመዋኛ ገንዳም እንደዚሁ ነው። ተቆፍሮና ተገንብቶ ባለቀ ዕለት ወጪው ያበቃ ይመስላል፤ እውነተኛው ወጪ ግን የሚጀምረው ውኃ በተሞላ ማግስት ነው።

በአዲስ አበባ፥ በቢሾፍቱ፥ በአዳማና በሐዋሳ ሆቴል ወይም የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አባሎቻችን ጥቂቶች አይደሉም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣው የክሎሪን ዱቄት፥ ፓምፑና የማጣሪያው ዕቃ በብር ሲተመን ተወዷል። ስለዚህ የገንዳ ወጪ የት የት እንደሚሄድ፥ የትኛው ሊቀነስ እንደሚችልና የትኛው ፈጽሞ ሊነካ እንደማይገባው ማስረዳት ለገንዳ ባለቤትም፥ ዕቃውን ለሚያስመጣና ለሚቸረችር ነጋዴም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የቅባት እህል ላኪ ነጋዴ ቤት የጸሐፊነት ሥራ የያዝሁ ሰው ነኝ እንጂ የገንዳ መሐንዲስ አይደለሁም። አሠሪዬ በቢሾፍቱ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ገንዳዋ 10 ሜትር ርዝመት፥ 5 ሜትር ወርድ፥ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያላት ስትሆን 75 ሜትር ኩብ፥ ማለትም 75,000 ሊትር ውኃ ትይዛለች። ከዕለታት አንድ ቀን አሠሪዬ የወሩን ሒሳብ ተመልክተው፥ «ይህ ገንዳ ይበላናል እንጂ አያበላንም። አፈር እንሙላበትና አትክልት እንትከልበት። ከዚያ በፊት ግን ሒሳቡን አጥርተህ አምጣልኝ» አሉኝ። እኔም «እሺ፥ ጋሼ፤ የአንድ ወር ጊዜ ይስጡኝ» አልኋቸው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ገንዳው ቢደፈን ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት እንግዶች ወደ ሌላ ቤት ይሄዳሉ፤ ገንዳውን የሚጠብቀውና በዚሁ ደመወዝ ሦስት ልጆች የሚያሳድገው ሠራተኛም እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ ከሠራተኛው ጋራ ሆነን በየቀኑ የኤሌክትሪኩንና የውኃውን ቆጣሪ፥ የተጨመረውንም መድኃኒት መመዝገብ ጀመርን። ያስተዋልነውን በየክፍሉ ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ኤሌክትሪክ

የገንዳ ውኃ ሳይበላሽ እንዲቆይ በፓምፕ ተስቦ በማጣሪያ ውስጥ ማለፍና ተመልሶ ወደ ገንዳው መግባት አለበት። የእኛ ፓምፕ 1.1 ኪሎዋት የሚወስድ ሲሆን በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያዞራል። እንግዲህ 75ቱን ሜትር ኩብ አንድ ጊዜ ለማዞር ሰባት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል ማለት ነው። ነገር ግን ፓምፑ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይሠራ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ «ሲተከል እንዲህ ተደርጎ ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም።

ሒሳቡ ይህ ነው። በቀን 24 ሰዓት ቢሠራ 26.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በ30 ቀን 792 ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ግን በወር 264 ብቻ ነው። ልዩነቱ 528 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ይህን ለማትረፍ ያስፈለገን ዕቃ አንዲት ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነበረች። ገንዳው በግል መኖሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ ጥቅሙ የበለጠ ይሆናል። በመኖሪያ ቤት ታሪፍ የፍጆታው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላልና።

ሰዓቱን ሲቀንሱ ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰዎች በሚዋኙበት ጊዜ ፓምፑ መሥራት አለበት፤ እንግዳ በሚበዛበት ቅዳሜና እሑድም ሰዓቱ ይጨመራል። ውኃው መደፍረስ ከጀመረ የተቀነሰው ሰዓት ከሚገባው አልፏል ማለት ነው።

አዲስ ፓምፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ፍጥነቱ የሚለዋወጠውን ዓይነት ቢመርጥ ይጠቀማል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ የሚያዞረው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚወስደው ኀይል ግን ወደ ስምንት እጅ አንድ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ያንኑ ውኃ ለማዞር ሁለት እጥፍ ሰዓት ቢሠራ እንኳ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከቀድሞው ሩብ ያህል ነው። በተግባር ቁጥሩ ከዚህ ጥቂት ይለያል፤ ይሁን እንጂ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ፓምፕ በኀይል ለአጭር ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ ቆጣቢ መሆኑ የታወቀ ነው።

ቅጠል የሚይዘውን ቅርጫት በየቀኑ ማራገፍም ገንዘብ ነው፤ ቅርጫቱ ሲታፈን ፓምፑ በከንቱ ይደክማልና። የውኃው ከፍታ ከመሳቢያው አፍ በታች እንዳይወርድም መጠበቅ ይገባል። ያለ ውኃ የሚሽከረከር ፓምፕ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ማኅተሙ ይቃጠላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኤሌክትሪኩ ኀይል ስለሚዋዥቅ ሞተሩን የሚጠብቅ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ማስገባት ሞተር ከማስጠምጠም ይረክሳል።

2ኛ. ስለ ውኃ

ውኃ ከገንዳ የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው፤ በመትነን፥ በማጣሪያ እጥበትና በመፍሰስ።

በደረቁ ወራት ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ከገንዳው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቢተን ለዓይን አይታይም። ነገር ግን 50 ሜትር ካሬ ስፋት ባለው ገንዳ ይህ በቀን 250 ሊትር፥ በወር 7,500 ሊትር ነው። ለዚህ ዋናው መድኃኒት መክደኛ ነው። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ፥ የአየር አረፋ ያለበት ወፍራም ላስቲክ ማታ ማታ ቢለበስና ሰው በማይዋኝባቸው ቀኖች ቢቆይ ብዙ ይቆጥባል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር በሚሰጠው ምክር መሠረት መክደኛ የሚጨመረውን ውኃ ከመቶ 30 እስከ 50፥ የሚጨመረውን መድኃኒት ደግሞ ከመቶ 35 እስከ 60 ሊቀንስ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ መገዛት ያለበት ዕቃ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም አንድ ነገር እንዳይረሳ አደራ እላለሁ። እንዲህ ያለው ላስቲክ ሕፃን አይሸከምም፤ እንዲያውም የወደቀውን ልጅ ከዓይን ይሸፍናል። ስለዚህ የአጥሩንና የጠባቂውን ቦታ አይተካም።

የአሸዋ ማጣሪያ በየጊዜው ውኃ ወደ ኋላ እየተገፋበት ይታጠባል። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ በሚያዞር ፓምፕ የአምስት ደቂቃ እጥበት ከ800 ሊትር በላይ ውኃ፥ ያውም መድኃኒት የተጨመረበትን፥ ወደ ቱቦ ይጥላል። እኛ ዘንድ ይህ በየሁለት ቀኑ ይደረግ ነበር። ትክክለኛው ጊዜ የሚታወቀው ግን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በማጣሪያው ላይ ባለው የግፊት መለኪያ ነው። አሸዋው ንጹሕ ሳለ የሚያሳየውን ቁጥር ጽፎ ይዞ ከዚያ በግማሽ ባር ያህል ከፍ ሲል ማጠብ ይበቃል።

ሦስተኛው፥ መፍሰስ፥ ስውር ሌባ ነው። ገንዳ ማፍሰሱንና አለማፍሰሱን ለማወቅ አንድ ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን በገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ አስቀምጦ ከገንዳው ውኃ እኩል እስኪሆን መሙላት፤ በባልዲው ውስጥም በውጭም የውኃውን ከፍታ ምልክት ማድረግ፤ ፓምፑን አጥፍቶ፥ ማንም ሳይዋኝ አንድ ቀንና ሌሊት መጠበቅ ነው። ፀሓይና ነፋስ ሁለቱንም እኩል ስለሚያተኑ ልዩነት መኖር የለበትም። የገንዳው ውኃ ከባልዲው ይልቅ ከቀነሰ ያ ትርፍ የፈሰሰ ነው።

እኛ በዚህ ዘዴ ስንለካ ገንዳው ከባልዲው ይልቅ 5 ሚሊ ሜትር ቀንሶ አገኘነው። ይህ በዓመት ከ91,000 ሊትር በላይ ነው፤ ማለትም ገንዳው ራሱ ከሚይዘው ውኃ ይበልጣል። የገንዳው ወለል ተሰንጥቆ ኖሯል። ስንጥቁ የመጣበትን ምክንያት አሳፋሪ ቢሆንም በመጨረሻ እናገራለሁ።

3ኛ. ስለ መድኃኒት

በገንዳ ውስጥ ተሐዋስያንን የሚገድለው ክሎሪን ነው። ብዙ ሰዎች ውኃው ሲበላሽ ክሎሪን በላይ በላይ ይጨምራሉ፤ ገንዘቡ የሚባክነውም በዚህ ነው። የክሎሪን ጉልበት በውኃው ፒኤች፥ ማለትም በኮምጣጣነቱ ልክ ይወሰናል። ፒኤች 7.5 ሲሆን ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ኀይለኛ በሆነው መልኩ ይገኛል፤ 8 ሲደርስ ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በፒኤች 8 ላይ ክሎሪን የሚጨምር ሰው ከአራት ብር ሦስቱን እንደሚጥል ይቍጠረው። ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል መጠበቅ የተለመደው ደንብ ነው። የክሎሪን ዱቄት ፒኤችን ከፍ ስለሚያደርግ በጥቂት አሲድ ማስተካከል ያስፈልጋል። ርካሽ የሆነችው የመመርመሪያ ዕቃ በየቀኑ ብትሠራበት ከብዙ ኪሎ ዱቄት ታድናለች።

ሁለተኛው የክሎሪን ጠላት ፀሓይ ነው። ምንም መከላከያ የሌለው ክሎሪን በጠራ ፀሓይ በሁለት ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል፤ በደጋችን ደግሞ ፀሓይዋ ብርቱ ናት። ስለዚህ መድኃኒቱን ረፋድ ላይ ከመጨመር ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ፥ ፓምፑ እየሠራ ሳለ መጨመር ይሻላል። ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለው መከላከያ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢገባ ክሎሪኑን ከፀሓይ ይጠብቃል። ይህ አሲድ ግን አይተንም፤ እየተጠራቀመ ከበዛ ክሎሪኑን ራሱን ያደክመዋል። አንዳንዱ የክሎሪን እንክብል ይህን አሲድ በውስጡ ስለያዘ እንክብሉን ዘወትር የሚጠቀም ሰው ሌላ መጨመር የለበትም።

ሦስተኛው ነገር ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ይልቁን የሚጠቅም ነው። ክሎሪን መገዛት ያለበት በኪሎ ወይም በሊትር ዋጋ ሳይሆን በውስጡ ባለው የሚሠራ ክሎሪን ልክ ነው። ከመቶ 65 የሆነ አንድ ኪሎ ዱቄት 650 ግራም ያህል የሚሠራ ክሎሪን ይዟል፤ ከመቶ 10 የሆነ አንድ ሊትር ፈሳሽ የያዘው ግን 100 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ኪሎ ዱቄት ከስድስት ሊትር ተኩል ፈሳሽ ጋራ ይመዛዘናል። የዱቄቱ ዋጋ ከዚያ ካነሰ ዱቄቱ፥ ከበለጠ ፈሳሹ ይረክሳል። ፈሳሹ በሙቀትና በመቆየት ጉልበቱን ስለሚያጣ የተሠራበትን ቀን ሳያዩ በብዛት ማከማቸት ኪሳራ ነው። ቅጠሩ ላይ መቶኛው ያልተጻፈበትን ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ ደንበኛውን በጨለማ ያስገዛል፤ መቶኛውን አሳይቶ የሚያስረዳ ግን ደንበኛውን አያጣም።

በአቀማመጥ ረገድ ልዩ ልዩ ዓይነት ክሎሪን እርስ በርስ፥ ወይም ከአሲድ ጋራ ፈጽሞ መደባለቅ የለበትም፤ እሳት ይነሣል፥ መርዘኛ ጋዝም ይወጣል። በአንድ መስፈሪያ እንኳ ሁለቱን መጨለፍ አደጋ ነው። መጋዘን ያላችሁ ሁሉ ለየብቻ፥ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ አስቀምጡ።

ደግሞም ከዋና በፊት ሰውነትን መታጠብ የክሎሪን ወጪ ይቀንሳል፤ ላብና ቅባት ክሎሪኑን ይበላሉና። በገንዳው ዙሪያ ያለ ባሕር ዛፍም እንዲሁ ቅጠሉን እያራገፈ መድኃኒቱን ያስጨርሳል።

4ኛ. ስለ ሙቀት

በአገራችን የተፈጥሮ ሙቅ ውኃ የታደሉ ስፍራዎች አሉ። ሶደሬና ወንዶ ገነት በዚህ የታወቁ ናቸው፤ በአዲስ አበባም የሒልተን ሆቴል ገንዳ ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ውኃ እንደሚገለገል ይታወቃል። ይህን ያላገኘ ሰው ውኃውን በኤሌክትሪክ ከማሞቁ በፊት ሒሳቡን ደጋግሞ ቢያስብ ይበጀዋል። ከገንዳ የሚወጣው ሙቀት አብዛኛው የሚሄደው ከሚተነው ውኃ ጋራ ስለሆነ መክደኛ የሌለውን ገንዳ ማሞቅ ጣራ የሌለውን ቤት እንደ ማሞቅ ነው። መክደኛ ከተገዛ በኋላም ሙቀት ካስፈለገ ውኃውን በፀሓይ የሚያሞቅ መሣሪያ መትከል ይቻላል፤ የመሣሪያው ስፋት የገንዳውን ስፋት ከግማሽ እስከ እኩል እንዲሆን ይመከራል።

5ኛ. መቆጠብ ስለማይገባው ነገር

አሁን ስለ ስንጥቁ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት እንግዳ በጠፋበት ወራት ወጪ ልቀንስ ብዬ ፓምፑ እንዲጠፋና ክሎሪንም እንዳይጨመር አዘዝሁ። ሠራተኛው «ውኃው ይበላሻል» ቢለኝ «ሲመጡ እናጸዳዋለን» ብዬ መለስሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዳው እንደ ረግረግ አረንጓዴ ሆነ። ያን ጊዜ በጥፋት ላይ ጥፋት ጨምሬ ውኃው በሙሉ እንዲፈስስ አደረግሁ። የቢሾፍቱ መሬት ብዙው ዋልካ መሆኑን፥ ዋልካም ውኃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ አላሰብሁም። ሙሉ ገንዳ በክብደቱ መሬቱን ይመክታል፤ ባዶው ግን ከታች የሚገፋውን ውኃና አፈር አይችልም። ወለሉ ተሰነጠቀ። ገንዳውን እንደገና ለመሙላት 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ስምንት ጊዜ ውኃ ገዛን። ያዳንሁት የሁለት ሳምንት ኤሌክትሪክና ጥቂት ዱቄት ነበር፤ ያጠፋሁት ግን የብዙ ወራት ወጪ ሲሆን ስንጥቁም ለዓመታት ውኃ ሲሰርቅ ኖረ።

ስለዚህ በክረምት የፓምፑን ሰዓት መቀነስ ይቻላል፤ ፈጽሞ ማጥፋት ግን አይገባም። ዝናቡ ክሎሪኑን ስለሚያቀጥነው ምርመራው እንዲያውም ይበርታ። ገንዳን ባዶ ማድረግ ካስፈለገ መሬቱ በደረቀበት ወራት፥ ባለሙያ ባለበት ይደረግ። ከሁሉ በላይ የክሎሪኑ መጠን በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም፥ መከላከያ አሲድ ካለበትም ከ2 ሚሊ ግራም በታች እንዲወርድ ማንም አይፍቀድ። የደፈረሰ ውኃ ሕፃናትን በተቅማጥ ያሳምማል፤ ወለሉ በማይታይ ውኃ ውስጥ የሰመጠ ሰውም አይታይም። በሰው ጤንነትና ሕይወት የሚገኝ ቁጠባ ቁጠባ አይባልም።

ማጠቃለያ

ወሩ ሲያልቅ መዝገቡን ለአሠሪዬ አቀረብሁ፤ የስንጥቁንም ታሪክ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ገንዳው ሳይሆን አያያዛችን ነው የበላን» አሉ። ስንጥቁ በበጋ ተጠገነ፥ መክደኛው ተገዛ፥ ፓምፑም በሰዓት እንዲሠራ ሆነ። ገንዳው ዛሬም አለ፤ ሠራተኛውም በሥራው ላይ ነው።

ገንዳ ያላችሁ አባሎች ሁሉ ሥራውን በዚህ ተራ ብትጀምሩ መልካም ነው። በመጀመሪያ መዝገብ ክፈቱ፤ ቀጥሎ በባልዲ ለኩ፤ ከዚያም የፓምፑን ሰዓት ወስኑ፤ ፒኤችን አስተካክሉ፤ መክደኛ ግዙ። ከእነዚህ አራቱ ከጥቂት ብርና ከትጋት በቀር አይጠይቁም፤ አምስተኛው ግን ገንዘብ ቢጠይቅም ውኃና መድኃኒት በመቆጠብ የወጣበትን ይመልሳል። ዕቃውን የምታስመጡና የምትሸጡ ነጋዴዎችም መመርመሪያውን፥ መክደኛውንና ሰዓት ቆጣሪውን ከክሎሪኑ ጎን አስቀምጡ። ደንበኛችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዳውን ከሚደፍን ለብዙ ዓመታት እየቆጠበ ቢገዛችሁ ለሁለታችሁም ይበጃል።